ዜግነት ከእናትም ይወረሳል፤ ማስረጃው ግን ከጉዞ በፊት ይያዝ

ኑሮን ለማሸነፍ ወደ ዐረብ አገሮች ተጉዘው በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን የሚደርስባቸው በደል በየጊዜው የሚነገርና የሚጻፍ ጉዳይ ነው። የደመወዝ ክልከላው፣ የፓስፖርት ንጥቂያው፣ ለሥራ ሰዓት ገደብ አለመኖሩ በሰፊው ታውቋል። ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ አንድ ጥያቄ ግን አለ። ይኸውም እነዚሁ ሠራተኞች በሰው አገር የወለዷቸው ሕፃናት ወደ እናታቸው አገር ሲመጡ የልደታቸውንና የዜግነታቸውን ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ ወይስ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ የሚለው ነው።

በመሠረቱ በአገራችን ሕግ በኩል ብዥታ የለም። የኢትዮጵያ ዜግነት በደም የሚተላለፍ እንጂ በትውልድ ሥፍራ የሚሰጥ አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ እንኳ ከባዕድ አባት ለሚወለዱት ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው በማለት ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6፣ ቀጥሎም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ይህንኑ መርሕ ይበልጥ አጠናክረው፣ ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ መሆኑ በቂ ነው ብለዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ካረጋገጠ በኋላ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ያክላል። እንግዲህ በሪያድም ይሁን በቤሩት ከኢትዮጵያዊት የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያ እስትንፋሱን ከወሰደባት ሰዓት ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው። ማንም ባለሥልጣን የሚቸረው ዜግነት አይደለም፤ የባለሥልጣኑ ሥራ ያለውን መመዝገብ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሕፃኑ ከተወለደበት አገር ሕግና ከአሠሪዎች አገዛዝ ላይ ነው። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሚሠራበት ድንጋጌ መሠረት ዜግነት የሚወረሰው ከአባት ነው። በሳዑዲ ዐረቢያም የአባት ዜግነት ገዢ ነው። በእነዚህ አገሮች የተወለደ የኢትዮጵያዊት ልጅ የዚያ አገር ዜጋ ይሆናል ተብሎ ስለማይጠበቅ፣ የእናቱም አገር ካልመዘገበው የማንም ሳይሆን ይቀራል። በዚህ ላይ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ተደርቦበታል። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ አሠሪ እጅ የታሰረ ነው። ከአሠሪው ቤት የወጣች ዕለት ሕገ ወጥ ትሆናለች። ሳዑዲ ዐረቢያን በመሰሉ አገሮች ደግሞ የጋብቻ ማስረጃ የሌላት ሴት ሆስፒታል ገብታ ብትወልድ ለእስር ልትዳረግ ስለምትችል፣ ብዙዎች በተከራዩት ጠባብ ክፍል በጓደኛ አዋላጅነት ይወልዳሉ። ለዚያ ሕፃን ማን የልደት ማሳወቂያ ይጽፍለታል? ሁለቱም አገሮች ሕፃን እንደተወለደ ወዲያውኑ መመዝገብ እንዳለበት የሚያዘውን ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበሉ ናቸው። ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ግን በቤት ሠራተኛዋ ደጃፍ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል።

«አገር ይግባ እንጂ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ከቅን ልቡና የመነጨ ቢሆንም እጅግ ጎጂ ነው። ፓስፖርት የሌላቸው እናትና ልጅ በብዛት የሚጓዙት ሊሴ ፓሴ በሚባለው የይለፍ ሰነድ ነው። ይህ ሰነድ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ነው። ሕፃኑን ቦሌ ያደርሰዋል፤ መቼና የት እንደተወለደ፣ ከማን እንደተወለደ ግን እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ሆኖ አያረጋግጥለትም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ማስገባት፣ መታወቂያ ማውጣት፣ ፓስፖርት መጠየቅ ሁሉ የልደት ምስክር ወረቀቱን ተከትለው የሚመጡ ናቸው። እናቲቱ ወደ ኋላ ተመልሳ ማስረጃ ላምጣ ብትል፣ የተባረረ ሠራተኛ ወደዚያ አገር በቀላሉ አይመለስም። ያዋለደቻት ጓደኛ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ የአሠሪው ስልክ አይነሣም። በእጅ የነበረው ምስክር ሁሉ በአንድ የአውሮፕላን ጉዞ ከእጅ ያመልጣል።

ከሁሉ የከፋው ሳንካ ግን የስም ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ደላሎች ገና ያልደረሱትን ልጃገረዶች ዕድሜ እየጨመሩ፣ አንዳንዴም በዐረብ አገር ተቀባይነት ያገኛሉ በሚል የክርስቲያን ስማቸውን በእስላም ስም እየለወጡ ፓስፖርት ሲያስወጡላቸው መኖራቸው ምስጢር አይደለም። በመንደሯ አልማዝ ተብላ የምትታወቅ ልጅ በፓስፖርቷ ፋጡማ ሆና ትሄዳለች። ልጅ ስትወልድ ሕፃኑ የፋጡማ ልጅ ተብሎ ይመዘገባል። አገሯ ስትገባ ደግሞ በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ የሠፈረችው አልማዝ ናት። ፋጡማ የምትባል ሴት በዚያ ቀበሌ ተወልዳ አታውቅም። ሕፃኑ በወረቀት ላይ የሌለች ሴት ልጅ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ደላላው የከፈተው ቀዳዳ በዚህ ዓይነት ወደ ሁለተኛው ትውልድ ይተላለፋል። ይህንን ለማቃናት እናቲቱ ገና በውጭ አገር ሳለች ሁለቱም ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ለቆንስላው ማቅረብ አለባት። ማስረጃው ያለው ደግሞ ከእሷ ዘንድ ሳይሆን እዚህ፣ በትውልድ ሠፈሯ ነው።

የአጻጻፉም ነገር ቀላል አይደለም። የዐረብኛ ፊደል «ፐ»ም «ጨ»ም ስለሌለው ጫልቱ የተባለችው ሻልቱ፣ ጴጥሮስ የተባለው ቡጥሮስ ሆኖ ይጻፋል። የልደት ቀኑ በሒጅራ አቆጣጠር ከሠፈረ በኋላ ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጁም ወደ እኛ ዘመን ሲመለስ በመንገድ ላይ ወሩ ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ሊዛነፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ስሕተት በሰነዱ መፈጠሪያ አገር፣ ሆስፒታሉና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በቅርብ ሳሉ፣ በትርጉምና በማኅተም ቢታረም የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። አገር ቤት ከተገባ በኋላ ግን የዓመታት ደጅ ጥናት ይሆናል።

በሌላ በኩል በአሜሪካ የሚወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ችግር ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በጸደቀው የሕገ መንግሥቷ 14ኛ ማሻሻያ መሠረት በምድሯ የተወለደ ሁሉ፣ ከዲፕሎማት ልጆችና እነርሱን ከመሰሉ ጥቂቶች በስተቀር፣ ዜጋዋ ነው። የእኛ ሕግ ግን ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 378 አንቀጽ 20 መሠረት፣ በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። እንደዚያም ቢሆን በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የማግኘት መንገድ ክፍት ነው። እነዚህ ወላጆች የሚጨነቁት ከሁለት ፓስፖርቶች የትኛውን እንምረጥ በሚለው ነው። የቤት ሠራተኛዋ ልጅ አንድም የለውም።

አንዳንድ ወገኖች ደግሞ «አባቱ ማነው?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ጋሬጣ ያቀርባሉ። ይህ ጥያቄ ከሕግ አኳያ ሲታይ መሠረት የለውም። በቤተሰብ ሕጋችን የእናትነት ማረጋገጫው መውለድ ራሱ ነው። የእናቲቱ ኢትዮጵያዊነት ከተረጋገጠ የአባቱ አለመታወቅ የሕፃኑን ዜግነት አይነካውም። በአገራችን ልማድም አያት ስሙን ሰጥቶ የልጁን ልጅ ያሳደገበት ቤት ስንት ነው! አሠሪው ደፍሯት የወለደች ሠራተኛ እንዳለችም መዘንጋት የለበትም። እሷን በመዝገብ ቤት መስኮት ፊት አቁሞ የበደለኛዋን ስም ጥሪ ማለት በደሉን መድገም ነው። ለእነዚህ ልጆች ወረቀት መስጠት ልቅነትን ያበረታታል የሚሉትም ቢሆኑ፣ ወረቀት መከልከሉ በማን ላይ እንደሚወድቅ ልብ ያሉት አይመስልም። ሕፃኑ የሠራው ጥፋት የለም።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ባካሄደችው የማባረር ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ 100 ሺህ ያህል ዜጎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሊባኖስ የኢኮኖሚ ቀውስ ሳቢያ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቤሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው እንደሄዱ ዓለም ተመልክቷል። እንዲህ ባለ ጥድፊያ ጊዜ ስለ ሕፃን የልደት ምዝገባ የሚያስብ የለም፤ ሁሉም የሚያየው የአውሮፕላኑን ሰዓት ነው። ስለዚህ ሥራው ከጥድፊያው አስቀድሞ መሠራት ይኖርበታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ሲያዝ፣ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎችም በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ እንዲፈጽሙ ኃላፊነት ሰጥቷቸዋል። ይህ ኃላፊነት እናቲቱ እስክትመጣ መስኮት ከፍቶ በመጠበቅ ብቻ አይፈጸምም። ከአሠሪዋ የጠፋች ሴት መንገድ ላይ መያዝን ስለምትፈራ ወደ ኤምባሲው አትደርስም። መዝጋቢው መዝገቡን ይዞ ሠራተኞቹ ወደሚኖሩበት ሠፈርና ተባራሪዎች ወደሚቆዩበት ማጎሪያ መሄድ አለበት። ሊሴ ፓሴ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ የልደት ምዝገባውም በዚያው ዕለት መከናወን ይገባዋል። እናትን አንዴ አቅርቦ ከጠየቁ ወዲያ ለሁለት ሰነድ ሁለት ጊዜ ማመላለስ ምን ይረባል?

የቀረው በእኛ በሠፈር ማኅበራት፣ በእድሮችና በሠራተኞች እጅ ያለው ድርሻ ነው። በየመንደሩ ልጇ በዐረብ አገር የምትገኝ እናት አለች። በስልክ «ወለድኩ» የሚለውን ቃል የሰማች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ የደበቀችም ሞልታለች። ይህች አያት እንድትደበቅ የሚያደርጋት የእኛው ሐሜት ነው። ሐሜቱ ቀርቶ እድሩ ቢጠይቃት፣ የማኅበሩ ጸሐፊ አብሯት ወረዳ ሄዶ የልጅቱን የቤተሰብ ቅጽ ግልባጭ ቢያስወጣላት፣ የድሮ ትምህርት ቤቷን ሰርተፊኬትና የክርስትና ማስረጃዋን ወይም ይህን የመሰለ ሰነድ ቢያሰባስብላት፣ ሦስት የሚያውቋት ሽማግሎች የአልማዝንና የፋጡማን አንድ ሰውነት በፊርማቸው ቢመሰክሩ፣ ይህ ሁሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እናትና ልጅ ሻንጣ ከማሰራቸው በፊት ቆንስላው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ወጪውን እድሩ ለለቅሶ ከሚያዋጣው ላይ ጥቂት ቀንሶ ሊሸፍነው አያቅተውም። በመጪው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አጀንዳ ተደርጎ ይያዝ፤ በየሠፈሩ ልጇ በውጭ የወለደችባት ማን እንደሆነችም በጨዋ አንደበት፣ በሰው ፊት ሳይሆን በየቤቷ ተኪዶ ትጠየቅ።