የዳነው አይጥ

«በአይጥ ላይ ተረጋግጧል እኮ!» አለ። ይህን ያለው የመንገድ ዳር መድኃኒት ሻጭ ቢሆን ሰምቼ እንዳልሰማ አልፈው ነበር። ተናጋሪው ግን በሂሳብ አያያዝ የተመረቀ ወዳጄ ነው። ሐዋሳ፣ አሮጌው ገበያ አጠገብ ጀበና ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ባትሪ ቤት የሚሠራን አንድ ወጣት የሽፈራው ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድና እርድ በማር ለውሶ እንዲወስድ እየመከረው ነበር። ልጁ ካገባ አራት ዓመቱ ነው፤ አልወለደም። «እርሳሱን ጠራርጎ ያወጣልሃል፣ ዘርህም ይመለሳል» አለው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ጀምሬያለሁ ጋሼ፣ ሁለተኛ ብልቃጤ ነው» አለ።

እስቲ ይህን አይጥ ቀረብ ብለን እንየው። ወንድ አይጥ ተለክቶ እርሳስ ወይም ካድሚየም ይጋታል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን የጥቁር አዝሙድ ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ይሰጠዋል። ከሳምንታት በኋላ የዘር ፍሬው ይመዘናል፣ ዘሩ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል፤ ዕፁን ያገኘው ካላገኘው ተሽሎ ይገኛል። ይሁን እንበል። የዘር ፍሬው እንዴት ተመዘነ? አይጡ ተገድሎና ተቀዶ ነዋ! ወዳጄ ለልጁ ተስፋ ብሎ ያቀረበለት ሬሳ ነው።

ባትሪ ቤቱን ቆሜ አይቻለሁ። ወደ ሞያሌ ከሚያልፍ ከባድ መኪና የወረደ ባትሪ በመዶሻ ይሰነጠቃል፤ አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል። የእርሳስ ፕሌቱ ተፈልፍሎ በቆርቆሮ ጣሳ ከሰል ላይ ይቀልጣል። ልጁ ላዩ ላይ አጎንብሶ ነው የሚሠራው፤ ጢሱ ይገርፈዋል። በዚያው እጁ ሳምቡሳ ይገምጣል። ማታ ቱታውን ይዞ ይገባና ሚስቱ ታጥብለታለች። ጠዋት አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የእርሳስ ጢስ! ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ሒሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ለሂሳብ ሠራተኛ እኔ ላስረዳው?

ደግሞ «ጠራርጎ» ይላል! አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ነው የሚከማቸው፤ ለዓሥርት ዓመታት ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዝ ጥናት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም ጀምሮ እርሳስ የወንድን ዘር ከመጉዳት ጋር መያያዙን በቂ ማስረጃ ያሳያል ብሏል። የልጁ ደም ስንት አለው? ማንም አልለካውም። ዘሩንም ማንም አላየለትም። ሚስቱ ግን ሁለት ሐኪም ቤትና አንድ ጠበል ዞራለች፤ መካን የሚለው ስም የሚለጠፈው በሴት ላይ ነዋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ቤት በሽታው ተደብቆ መድኃኒቱ ብቻ በአደባባይ ይሸጣል።

ብልቃጡ ውስጥስ ምን አለ? በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርዱ ቢጫው እንዲደምቅ የእርሳስ ክሮሜት ይቀላቅሉበት እንደነበር የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የህንድ ባህላዊ መድኃኒቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። የኛው ብልቃጥ መለያ ወረቀት እንኳ የለውም። እርሳስን በእርሳስ ያክማል ቢሉኝ አልገረምም።

በዚህ ሁሉ የተደሰተው የባትሪ ቤቱ ጌታ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማራ ሠራተኛን አሠሪው በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር፣ የአደጋ መከላከያም እንዲያቀርብለት ያዛል። እሱ ጓንትና ማስክ ከሚገዛ ሠራተኛው ከኪሱ ማር ቢገዛ ይቀልለዋል።

ሽፈራው አልጠላሁም። የኮንሶ ሰው እንደ ጎመን ቀቅሎ ይበላዋል፤ ልጁም ይብላው። አስቀድሞ ግን ከጢሱ ይራቅ፣ ቱታው እዚያው ባትሪ ቤት ይደር፣ ደሙም ይለካ። ወዳጄ ሆይ፣ ከአይጥ ካልወረድክ እንግዲህ ልጁን በአይጡ ወግ እንኳ አስተናግደው፤ አይጡ ስንት እርሳስ እንደዋጠ ተመዝግቦለታል።