ደመወዙ ትልቅ፣ ጡረታው ትንሽ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የጡረታ ነገር ሲነሳ፣ የሚታዘንለት ሰው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ዕድሜውን በፓርኪንግ የጨረሰው አባወራ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ያረጀችው እናት። ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና የኮምፒውተር ባለሙያው ከዚህ ስጋት ውጭ ተደርገው ይታያሉ። ደመወዛቸው ከመቶ ሺህ ዶላር ካለፈ ምን ይጎድላቸዋል? ብዙ ይጎድላቸዋል። እንዲያውም ከአርባ ዓመቱ በኋላ ደህና ደመወዝ ላይ የደረሰ ስደተኛ፣ ራሱ ካልቆጠበ በቀር፣ ጡረታ ሲወጣ ከለመደው ኑሮ የሚቀነስበት ከፓርኪንግ ሠራተኛው ይበልጣል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ዕድል ሳይሆን የሕጉ ስሌት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የሚሰላው በ35 ዓመት ገቢ ነው። ከዚያ ያነሰ የሠራ ሰው የጎደለው እያንዳንዱ ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባበታል። አገር ቤት በጤና ጣቢያ ወይም በመምህርነት ያገለገለበት ዘመንም አይቆጠርለትም፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የጡረታ አገልግሎትን የሚያዳምሩበት ስምምነት የላቸውም። አማካዩ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ስሌቱ ለዝቅተኛ ተከፋይ ያደላል። በአውሮፓውያኑ 2025 ቀመር፣ ከወርሃዊው አማካይ ለመጀመሪያው 1,226 ዶላር 90 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ እስከ 7,391 ዶላር ላለው 32 በመቶ፤ ከዚህ ለሚያልፈው 15 በመቶ ብቻ።

ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር። የዋጋ ንረት ማስተካከያውን ለጊዜው እንተወው። አንደኛው 35 ዓመት ሙሉ በዓመት 40,000 ዶላር ያገኘ ነው፤ በ67 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ በወር 1,780 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም የደመወዙ 53 በመቶ ነው። ሁለተኛው በ45 ዓመቱ ጀምሮ ለ22 ዓመት በዓመት 130,000 ዶላር ያገኘ ባለሙያ ነው። የሚደርሰው 2,890 ዶላር ገደማ ነው። በቁጥር ከመጀመሪያው ሰው ይበልጣል፤ ከደመወዙ አንጻር ግን 27 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቤት ዕዳው፣ የመኪናው ክፍያና አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ የተቀመሩት ግን በደመወዙ ልክ ነው።

ሕጉ ለዝቅተኛ ተከፋይ ማድላቱ ፍትሐዊ ነው፤ ቅሬታ አያስነሳም። ነገር ግን ከፍተኛ ተከፋዩን «ቀሪውን አንተው ሙላው» ብሎ ለራሱ ትቶታል። የሚሞላበት መሣሪያ በአሠሪ በኩል የሚቆጠበው ፎር ኦ ዋን ኬ ነው፤ ለትርፍ ባልቆሙ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎር ኦ ስሪ ቢ የሚባለው ወንድሙ አለ። ፎር ኦ ዋን ኬ ስሙን ያገኘው በአውሮፓውያኑ 1978 ከወጣ የግብር ሕግ አንድ አንቀጽ ነው። ቴድ ቤና የተባለ አማካሪ አንቀጹን ሠራተኛው ከደመወዙ ሲያስቀምጥ አሠሪውም እንዲጨምርለት ለማድረግ የተጠቀመበት በ1980ዎቹ መባቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግሉ ዘርፍ ዕድሜ ልክ ጡረታ የሚከፍል ኩባንያ እየተመናመነ፣ ኃላፊነቱ ወደ ሠራተኛው ትከሻ ዞረ።

በተግባር ይህ ኃላፊነት የሚመጣው በጣም ተራ በሆነ መልክ ነው። ሥራ በተጀመረበት ሳምንት ከሚሞሉት ቅጾች መካከል፣ ከጤና ኢንሹራንሱና ከባንክ ሂሳቡ ቀጥሎ፣ «ከደመወዝዎ ስንት በመቶ?» የሚል አንድ ሳጥን አለ። አዲሱ ተቀጣሪ የመጀመሪያውን ቼክ በጉጉት የሚጠብቅበት ሳምንት ስለሆነ «ይደርሳል» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም መሥሪያ ቤቱ በራሱ 3 በመቶ ካስገባለት እዚያው ይተወዋል። ሁለት ጊዜ የደመወዝ ጭማሪ አግኝቶም ሳጥኑን ተመልሶ አይከፍተውም።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ላስቀምጥ?» የሚል ነው። መነሻው የአሠሪው መዋጮ ነው። አሠሪው እስከ ደመወዙ 6 በመቶ ድረስ ግማሹን የሚጨምር ከሆነ፣ 130,000 የሚከፈለው ሰው 7,800 ዶላር ሲያስቀምጥ 3,900 ይታከልለታል። ይህን አለመውሰድ ከደመወዝ ላይ ቆርሶ ለአሠሪው እንደመመለስ ነው። ከዚያ በላይ በ2025 እስከ 23,500 ዶላር፣ ዕድሜው 50 ለሞላው በአብዛኛው እስከ 31,000 ዶላር ማስቀመጥ ይፈቀድ ነበር። ይህን ደመወዝ የሚያገኝ ያላገባ ሰው ግብሩን ለኋላ የሚያስተላልፈውን ዓይነት መርጦ 10,000 ዶላር ቢያስቀምጥ፣ ከዓመቱ የፌዴራል ግብሩ 2,400 ዶላር ያህል ይቀንስለታል።

ዘግይቶ ለጀመረ ሰው ዋናው ነገር ጊዜው ነው። በወር 1,000 ዶላር ለ20 ዓመት ያስቀመጠ፣ ገንዘቡ በዓመት 6 በመቶ ቢያድግለት፣ 462,000 ዶላር ገደማ ይኖረዋል። አሥር ዓመት ዘግይቶ የጀመረው 164,000 ላይ ይቀራል። ያስቀመጠው ግማሽ ነው፤ ያገኘው ግን ከግማሽ እጅግ ያንሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሥራ መቀየርን ይመለከታል። በሰዓት ሁለት ዶላር ጭማሪ አግኝቶ ወደ ሌላ ሆስፒታል መዛወር የተለመደ ነው፤ በሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ሲሰላ በዓመት 4,160 ዶላር ያመጣል። ሆኖም የአሠሪው መዋጮ ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው የሚሆነው በአንዳንድ ቦታ ሦስት ዓመት ሲሞላ ነው። ሁለት ወር ሲቀረው የለቀቀ ሰው በላይኛው ስሌት 11,000 ዶላር ገደማ ትቶ ይሄዳል። ከመልቀቅ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይህን ያድናል።

«ዕቁብ እጥላለሁ፣ አዲስ አበባም ቤት ሠርቻለሁ» የሚለው መልስ ንቀት አይገባውም። ዕቁብ ለማይቆጥብ ሰው ጥሩ ልጓም ነው፤ ይሁንና የተጣለው ይመለሳል እንጂ አይወልድም። ቤቱም ሀብት ነው፤ ኪራዩ ግን በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ሜሪላንድ ሆኖ የመድኃኒትና የቤት ወጪውን በዶላር ለሚከፍል ጡረተኛ፣ በብር የሚመጣ ገቢ ብቻውን አይበቃውም። ቤቱን ለመጨረስ ሲባል ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ፎር ኦ ዋን ኬውን አፍርሶ ማውጣት ደግሞ በአብዛኛው የገቢ ግብርና ተጨማሪ 10 በመቶ ቅጣት ያስከትላል።

ለዘመድ መላክ ግዴታችን ነው፤ ማንም አቁሙ ሊለን አይችልም። ነገር ግን ጧሪ ቀባሪ ይሆኑኛል የተባሉት ልጆችም የራሳቸውን የትምህርት ብድር ተሸክመው የሚያድጉበት አገር ነው። ስለዚህ የሚላከው ከደመወዙ ላይ ሳይሆን ጡረታው ከተነሳለት በኋላ ከሚተርፈው ቢታሰብ፣ ደመወዝም በጨመረ ቁጥር ያ ሳጥን በአንድ በመቶ ከፍ ቢል፣ ዘግይቶ የጀመረውም ብዙውን ይደርስበታል። ይህን ለመነጋገር አዲስ ተቋም አያስፈልግም። ቀብርን በጋራ ለመሸከም በስደት አገር ዕድር ያቋቋመ ማኅበረሰብ፣ በዓመት አንዱን ስብሰባውን ከቀብር በፊት ላሉት ሃያ ዓመታት ቢመድብ አይከብደውም።