ስለ ታመነ ሠራተኛ

የመኪና እጥበት ሥራ በጥቂት ገንዘብ ሊጀመር ይችላል፤ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ግን ሊጸና አይችልም። ባለመኪናው ቁልፉን ሲያስረክብ በመኪናው ውስጥ የተወውን ገንዘብና ሰነድ ሁሉ አደራ መስጠቱ ነውና፤ አንድ ዕቃ ቢጠፋ የሥራ ቤቱ ስም አብሮ ይጠፋል።

በአዲስ አበባ ብዙ አሠሪዎች አስቀድመው ተያዥ ይጠይቃሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋስ የጠፋውን ይከፍላል እንጂ እጅን ከስርቆት አይመልስም። ደግሞም ከሩቅ አገር የመጣ ቅን ወጣት ዋስ በማጣቱ ብቻ ሥራ ሊከለከል አይገባውም።

ከዋስ የሚበልጠው ሰውን በሥራው መመርመር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ በተደረገ ስምምነት እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው አስቀድሞ የመኪናውን ውጭ ይጠብ፤ ታማኝነቱ ሲታይ ውስጡን ያጽዳ። በመኪናው የተገኘውም ዕቃ በባለቤቱ ፊት ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ይህ ንጹሑን ሠራተኛ ከሐሰት ክስ ያድነዋልና።

ከሁሉ በላይ ግን ደመወዝን በቀኑ የማይከፍል አሠሪ ከሠራተኛው ታማኝነትን ሊጠይቅ አይችልም፤ አደራ በሁለቱም ወገን ነውና።