እንዳያይ የተፈረደበት ዳኛ

ሰሞኑን በግቢያችን፣ በካፌም በዶርምም፣ ጓደኛና ጓደኛን እስከ ማኳረፍ ያደረሰ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ የእግር ኳስ ዳኝነት ነው። በውጭ ሜዳዎች የምናየውና ሁላችንም ቫር እያልን የምንጠራው የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ዳኝነትን አሻሻለ ወይስ አበላሸ? ወደ እኛስ ሊግ ይምጣ ወይስ በዚያው ይቅር? ከመምህሮቻችን አንዳንዶቹ «ተማሪ በዚህ ጊዜውን ያጠፋል እንዴ?» ሲሉ ሰምተናል። ይቅርታ ያድርጉልንና እኛ ነገሩ ቀላል አይመስለንም። በቋንቋችን በችሎት ወንበር የሚቀመጠውም ፊሽካ ይዞ ሜዳ ላይ የሚሮጠውም ስማቸው አንድ ነው፤ ዳኛ። የተበደለ ሰው አደባባይ ቆሞ የሚጮኸውን «የዳኛ ያለህ!» በስታዲየም ደረጃ ላይም የምንሰማው በከንቱ አይደለም።

በመጀመሪያ «ኳስ ከነስህተቱ ነው ደስ የሚለው፤ ማሽን ነፍሱን ያወጣዋል» ለሚሉት መልስ እንስጥ። እነዚህ ጓደኞቻችን የሚያነሡት አንድ እውነት አለ። ጎል ገብቶ ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ካነሣ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ በረዶ ሆኖ ሲጠብቅ፣ ደስታውም ሐዘኑም ሲደርቅበት ማየት ያሳዝናል። ተጫዋቹ በትከሻ ልክ ቀድሞ ተገኘ ተብሎ መስመር ሲሰመር የሚውልበትን ዓይነት ፍርድ እኛም አንወደውም። በእንግሊዝ ሀገር ዎልቭስ የተባለው ክለብ በ2024 እ.ኤ.አ. ቫር ይቅርልን ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ 19 ለ1 ተሸነፈ። ስዊድን ግን በዚያው ዓመት እምቢ ብላለች። ሆኖም ስዊድንን ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይንገረን። እዚያ ሀገር የክለቡ አብዛኛው ድምፅ የአባላቱ ነው። ደጋፊው አባል ነውና ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ ድምፅ ሰጥቶ አስቀረው። እኛ ዘንድ አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ ደጋፊውን ስለ ማሊያው ቀለም እንኳ የጠየቀው የለም። የስዊድንን ውሳኔ ከመበደራችን በፊት የስዊድንን ድምፅ ብንበደር ይሻላል።

ደግሞስ «ስህተት የጨዋታው ቅመም ነው» የሚለው ማን ነው? ስህተቱ ያልደረሰበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ላይ የተንከባለለ ተጫዋች በአንድ የተሳሳተ ፍጹም ቅጣት ምት ከሊጉ ቢወርድ ቅመሙ ምን ይጣፍጠዋል?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ተላላ ነው። «ማሽን አያዳላም፣ ማሽን አይፈራም፣ ማሽን ጉቦ አይበላም፤ አምጡትና እንገላገል» ይላል። እውነት ነው፣ ካሜራ ጉቦ አይበላም። ካሜራውን የሚያየው ግን ሰው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ እስክንድርያ ላይ ሲደረግ ቫር ነበረ። የአል አህሊው ዋሊድ አዛሮ የገዛ ማሊያውን በገዛ እጁ ቀድዶ ሲያሳይ ምስሉ ቀርቶ ዓለም ሁሉ ተመለከተው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በኋላ የሁለት ጨዋታ ቅጣት ጣለበት። ያን ቀን ግን ማሽኑ እያለ ኤስፔራንስ 3 ለ1 ተሸንፎ ወጣ። (የመልሱን ጨዋታ ቱኒዝያ ላይ የዳኘው የኛው በዓምላክ ተሰማ ነበር፤ ኤስፔራንስ 3 ለ0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።)

በዓመቱ የሆነው ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ግንቦት 31 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ራደስ ላይ የዊዳድ ካዛብላንካ ተጫዋች አቻ የምታደርግ ጎል አገባ፤ ከጨዋታ ውጭ ተብሎ ተሻረ። ዊዳዶች «ምስሉ ይታይልን» አሉ። መሣሪያው ለካስ አይሠራም! የዳኛው ማያ በሜዳው ዳር ተገትሮ ቆሟል፤ በውስጡ ግን ምንም የለም። ተጫዋቾቹ አንጫወትም ብለው ቆሙ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጠበቀ በኋላ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ። ከዚያም ኮንፌዴሬሽኑ ጨዋታው ይደገም አለ፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ዋንጫው ዞሮ ዞሮ እዚያው ኤስፔራንስ ዘንድ ቀረ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የማይሠራ ማሽን ከሌለ ማሽን ይብሳል። ከሌለ ሰው በዳኛው ይናደዳል፤ ኖሮ ካልሠራ ግን ሰው ሁሉን ነገር ይጠረጥራል።

የሚሠራውስ? መስከረም 30 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ቶተንሃም ላይ ያገባትን ጎል የመስመር ዳኛው ባንዲራ አንሥቶ ሻራት። በቪዲዮው ክፍል የተቀመጠው ሰው ምስሉን አየ፤ ጎሏ ትክክል መሆኗንም በደንብ አወቀ። ነገር ግን ሜዳው ላይ የተሰጠው ውሳኔ «ጎል» የተባለ መስሎት «ማጣራቱ ተፈጽሟል» ብሎ አሳለፈው። ጨዋታው ቀጠለ። ስህተቱን ሲረዱት ጨዋታው አንድ ጊዜ ተጀምሯልና ማቆም አይቻልም ተባለ። ሊቨርፑል 2 ለ1 ተሸነፈ። በዓለም ውዱ ሊግ፣ በዓለም ውዱ መሣሪያ፣ እውነቱን ዓይኑ እያየ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር አቅቶት ፍርድ ተጓደለ። በዚያው ቀን ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ «ትልቅ የሰው ስህተት ነው» ብለው አመኑ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ዳኞቹ የተነጋገሩበትን ድምፅ አውጥተው ለሕዝብ አሰሙ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ካልሆንን ከየት ነን? እኛ የቪዲዮ ደጋፊዎች ነን። ምክንያታችን ግን የማሽኑ ብልህነት አይደለም።

የካቲት 2 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ያውንዴ ላይ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ ለአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ፊሽካው በበዓምላክ ተሰማ እጅ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ የቡርኪናው በረኛ ኤርቬ ኮፊ ከሴኔጋሉ ኩያቴ ጋር በአየር ላይ ተጋጨ። በዓምላክ ፍጹም ቅጣት ምት ነው አለ። ምስሉ ታየ፤ ሻረው። በረኛው ተጎድቶ ወጣ። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል በእጅ ተነካ ተብሎ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። አሁንም ምስሉ ታየ፤ አሁንም ሻረው። በአንድ አጋማሽ ሁለት ጊዜ! አህጉሩ በሙሉ እያየው አንድ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ሁለት ጊዜ የገዛ ቃሉን መለሰ። ሰማይ ተደፋ? ክብሩ ተነካ? ምንም አልሆነም። ጨዋታው ቀጠለ፤ ሴኔጋል በሁለተኛው አጋማሽ በጨዋታ 3 ለ1 አሸነፈች፤ የዳኛውም ስም እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እስቲ በእውነት እንነጋገር። በሀገራችን ሥልጣን የያዘ ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ሆነ የቀበሌ ሊቀመንበር ወይም ውጤት የሚሰጥ መምህር፣ «ቅድም የወሰንኩት ልክ አልነበረም፤ ልመልሰው» ብሎ በአደባባይ ሲናገር ስንት ጊዜ አይታችኋል? «አንዴ ተወስኗል» የምትለው ቃል ግን ከየቢሮው መስኮት በየቀኑ ትወረወራለች። ቪዲዮ ለእኛ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የፈረደ ሰው ፍርዱን ሳያፍር የሚመልስበት በር ይከፍታል። አባቶቻችን ይህን በር ያውቁታል፤ የተበደለ ሰው ይግባኝ እያለ ከታች ዳኛ ተነሥቶ እስከ ዙፋን ችሎት ይሄድ ነበር። በኳስ ሜዳ ግን በአንድ ቅጽበት የተነፋ ፊሽካ ይግባኝ የለሽ ሆኖ ኖረ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ፕሪሚየር ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በሱፐርስፖርት ሲተላለፍ ምን ሆነ? ፒያሳ ወይም አቶቴ ባለው ዲኤስቲቪ ቤት ሻይ ይዞ የተቀመጠው ሰው አወዛጋቢውን ኳስ ከሁለት አቅጣጫ፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ አየ። ተንታኙ አየ። ክለቡም በስልኩ አየ። እንዳያይ የተፈረደበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲፈርድ የተቀመጠው ዳኛ። ከዚያ ሁላችንም ያየነውን ስላላየ እንሰድበዋለን። ይህ ዳኝነት ነው ወይስ ቀልድ? ካሜራ በሌለበት ዘመን ዳኛውን ማመን ግዴታ ነበር፤ ካሜራው ሜዳው ውስጥ ገብቶ ሳለ የዳኛውን ዓይን መሸፈን ግን በደል ነው።

«ድሃ ነን፤ ይህን ከየት እናመጣለን?» የሚሉን አሉ። ሙሉው ቫር ብዙ ካሜራ፣ የተለየ ክፍል፣ ለዚያው ሥራ የሠለጠኑ ዳኞችና የፊፋ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሱን ነገ አምጡ አላልንም። ነገር ግን ፊፋ ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ አንድ ቀላል መንገድ ሞክሯል። የቪዲዮ ክፍል የለም፤ በክፍሉ የሚቀመጥ ዳኛም የለም። እያንዳንዱ አሠልጣኝ በጨዋታው ሁለት ጊዜ «ይታይልኝ» የማለት መብት አለው፤ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ከተገኘ መብቱ አይቀነስበትም። ዳኛው ራሱ ወደ ሜዳው ዳር ሄዶ፣ ባሉት ጥቂት ካሜራዎች የተቀረጸውን አይቶ፣ ራሱ ይወስናል። ይኸው ይግባኝ! በዚህ መንገድ ያልታወቀ ሰው በተደበቀ ክፍል ሆኖ አይፈርድብንም፤ ጨዋታውም በየደቂቃው አይቆምም።

ደግሞ ለእኛ የሚመች አንድ ነገር አለ። ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ክለቦቹን በአንድ ከተማ ሰብስቦ፣ አንዴ ጅማ፣ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ ድሬዳዋ እያለ ሲያጫውት ቆይቷል። የ2014 ዓ.ም. ውድድር የተጀመረው እዚሁ ሀዋሳ ነው። ያን ጊዜ ክለቦቹ 16 ነበሩ። ስምንት ጨዋታ በአንድ ሜዳ የሚደረግ ከሆነ ስምንት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ ማያና አንድ ባለሙያ ሁሉንም ያዳርሳል። ሌላው ሀገር በየስታዲየሙ የሚተክለውን እኛ በአንድ መኪና ጭነን መዞር እንችላለን። ድህነታችን ለአንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመን ማለት ነው።

ነገር ግን ከማያው በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ በዚህ ላይ አንደራደርም። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በመከላከያና በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ላይ አንድ ዳኛ ጎል ስላጸደቀ ተባርሮ ተደበደበ፤ ፌዴሬሽኑም ሊጉን እስከ ማቋረጥ ደረሰ። እስቲ ያን ዳኛ በሐሳባችሁ ወደ ማያው ውሰዱት። ሺህ ሰው ከጀርባው እየጮኸ፣ ተጫዋች ክንዱን እየጎተተው፣ ማታ ወደ ሆቴሉ በምን እንደሚመለስ ሳያውቅ፣ ባለሜዳው የደሰተበትን ጎል «ሽሬዋለሁ» እንዲል ትጠብቃላችሁ? በዓምላክ ያውንዴ ላይ ቃሉን ሁለት ጊዜ የመለሰው ምስል ስላየ ብቻ አይደለም፤ ሕግና ጠባቂ ስለነበረውም ጭምር ነው። ጥበቃ የሌለው ዳኛ ማያ ቢሰጡት የሚያየው የሚፈራውን ነው። ስለዚህ ወደ ማያው የሚሄደውን ዳኛ የከበበ ተጫዋችም ሆነ አሠልጣኝ ያለ ልመናና ያለ ሽምግልና ይቀጣ። ዳኛው አበሉ በወቅቱ ይከፈለው፤ ኢንሹራንስ ይግባለት። ከጨዋታው በኋላም የዳኞች ኮሚቴ የተለወጠው ፍርድ ለምን እንደ ተለወጠ በጽሑፍ ለሕዝብ ያስታውቅ። እንግሊዞቹ ድምፁን አውጥተው ካሰሙ፣ እኛ ግማሽ ገጽ መጻፍ ያቅተናል?

ሀዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ሲገናኙ ከታቦር ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ለሁለት ተከፍሎ እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ቀን የሚነፋ አንድ የተሳሳተ ፊሽካ የሚያስከትለውን የሚያውቅ ሰው፣ ነገሩን ለተማሪ ጊዜ ማጥፊያ ነው አይለውም።

የምንጠይቀው እንዲህ ነው። የሊጉ አክሲዮን ማኅበርና ፌዴሬሽኑ ይህን የአሠልጣኝ ይግባኝ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዙር ብቻ ይሞክሩት። ሀዋሳ ቢሆን ደስ ይለናል። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ከየጨዋታው ስንት ፍርድ እንደ ተለወጠ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ባከነ በሰዓትና በደብተር ይመዝግቡ፤ መምህሮቻችን ይምሩን። «ቫር ኳስን ገደለ» የሚለውም ወገን «ቫር ሁሉን ያድናል» የሚለውም ወገን ያን ጊዜ በቁጥር ይሟገተን። እስከዚያው መልስ ያለው ይጻፍ፤ የሚመጣው እትም ሊባዛ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ለሚያባዙት ጓደኞቻችን ይቀላቸዋል።