የመጨረሻዎቹ ሳምንታት፦ የወሊድ ዝግጅት ከቤት ደጃፍ እስከ ጤና ተቋም

በየዓመቱ ጥር ወር ላይ የሚከበረው የጤናማ እናትነት ወር በመጣ ቁጥር «እናት ስትወልድ መሞት የለባትም» የሚለው መልእክት በየጤና ተቋማቱ ግድግዳና በየመድረኩ ይታያል። መልእክቱ ለብዙዎች የተለመደ ሆኗል። ይሁንና አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ምጧ በጀመረበት ሌሊት ማን ይዟት እንደሚሄድ፣ በምን እንደምትሄድና ወዴት እንደምትሄድ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚታሰበው ምጡ ከጀመረ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጀመር ምክክር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘገይ ምክክር ነው። ስለሆነም የወሊድ ዝግጅት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ምን እንደሚመስል፣ ቤተሰብ ምን ድርሻ እንዳለውና ከመንግሥት ተቋማት ምን መጠየቅ እንደሚችል መመልከት ተገቢ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ያሳያሉ?

በአገራችን የእናቶች ሞት ባለፉት ዓመታት በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንፃር 871 እናቶች ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 412 ዝቅ ብሏል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻም በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5 በመቶ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ለዚህ ለውጥ በየቀበሌው የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋት፣ ለወረዳዎች የተከፋፈሉ አምቡላንሶችና በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት ያለክፍያ እንዲሰጥ መደረጉ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

የ2011 ዓ.ም. ጥናት ግን ትኩረት የሚሻ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43ቱ ብቻ ናቸው። በጤና ተቋም የወለዱት 48 ሲሆኑ፣ በወለዱ በሁለት ቀናት ውስጥ የድህረ ወሊድ ምርመራ ያገኙት ደግሞ 34 ናቸው። በሌላ አነጋገር ከየ100 እናቶች ቢያንስ 26ቱ የጤና ተቋሙን ደጃፍ በእርግዝናቸው ጊዜ ረግጠው፣ ካርድ አውጥተው፣ ከባለሙያ ጋር ተነጋግረው ሲያበቁ ልጃቸውን የወለዱት በቤታቸው ነው። እነዚህ እናቶች ስለ ጤና ተቋም ያልሰሙ አይደሉም። መንገዱን የጀመሩ፣ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መሐል ላይ የቀሩ ናቸው። በከተማና በገጠር መካከል ያለውም ልዩነት ሰፊ ሲሆን፣ በዚሁ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት በከተማ 70፣ በገጠር 40 በመቶ ነበሩ።

ሦስቱ መዘግየቶች

በእናቶች ጤና ዘርፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች የችግሩን ምንጭ የሚያስረዱት «ሦስቱ መዘግየቶች» በሚባለው ትንታኔ ነው። የመጀመሪያው ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ለመወሰን የሚወስደው ጊዜ፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚጠፋው ጊዜ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጤና ተቋም ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና እስኪያገኙ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

ለአብነት ከጤና ጣቢያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ የምትኖር፣ ሁለት ልጆች ያሏትን እናት ሁኔታ መመልከት ይቻላል። ምጧ ከመሸ ይጀምራል። ባለቤቷ ገበያ ውሎ ገና አልተመለሰም። አማቷ «እኔም ሁሉንም የወለድኩት እዚሁ ነው፤ እስኪነጋ እንይ» ይላሉ። ልጆቹን ለማን ትቶ መሄድ እንደሚቻል አልታሰበበትም። የአምቡላንስ ሾፌሩ ስልክ ቁጥር በቤቱ የለም። ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛ እስኪዘጋጅ ሌሊቱ ይጋመሳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው የለም፤ አማቷም የሚናገሩት ከራሳቸው ተሞክሮ ተነስተው ነው። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት በቤታቸው ከወለዱት እናቶች 61 በመቶ የሚሆኑት በጤና ተቋም መውለድ አስፈላጊ ሆኖ እንዳልታያቸው፣ 30 በመቶው ደግሞ የተለመደ አለመሆኑን በምክንያትነት ገልጸው ነበር።

ይህ አመለካከት አሳሳቢ የሚሆነው በወሊድ ወቅት የሚከሰት አደጋ አስቀድሞ የማይታወቅ በመሆኑ ነው። ሦስት ልጆች በሰላም የተገላገለች እናት በአራተኛው ልትደማ ትችላለች። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ በወቅቱ ካልቆመ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ከዚህ ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ዝግጅቱ ምጥ ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ክትትሉ ለምን በመጨረሻው ይበዛል?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ያስቀምጣል። ከስምንቱ አምስቱ ከ30ኛው ሳምንት ጀምሮ ያሉ ሲሆኑ፣ እነርሱም በ30ኛው፣ በ34ኛው፣ በ36ኛው፣ በ38ኛውና በ40ኛው ሳምንት የሚደረጉ ናቸው። ምክንያቱም የደም ግፊት መጨመር፣ የጽንሱ አቀማመጥ መዛባት፣ የደም ማነስና የጽንሱ ዕድገት መቀነስ የመሳሰሉ ችግሮች በብዛት ጎልተው የሚታዩት በዚህ ጊዜ ነው። «ሆዴ ከገፋ በኋላ መንገዱ ይከብደኛል፤ ደግሞም ደህና ነኝ» በማለት የመጨረሻዎቹን ቀጠሮዎች መተው ይበልጥ አስፈላጊ የሆነውን ምርመራ መተው ይሆናል።

በእነዚህ ሳምንታት የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም። ከማሕፀን ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውሃ መፍሰስ እንዲሁም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ናቸው። እነዚህን ምልክቶች ነፍሰ ጡሯ ብቻ ሳትሆን ባለቤቷ፣ እናቷ፣ አማቷና የቅርብ ጎረቤቷ ሊያውቋቸው ይገባል። በምትታመምበት ሰዓት የምትናገርላት ሌላ አንደበት ያስፈልጋታልና።

የእናቶች ማቆያ

ከጤና ተቋም ርቀው ለሚኖሩ፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ለወለዱ፣ መንታ ላረገዙ ወይም ባለሙያ የተለየ ክትትል ያስፈልጋቸዋል ላላቸው እናቶች የተሻለው አማራጭ የመውለጃ ቀናቸው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ እናቶች ማቆያ መግባት ነው። አሠራሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል በ1960ዎቹ ዓ.ም. የጀመረው ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ ማቆያ ይገኛል። በርካታ አካባቢዎች ላይ ነዋሪው እህል፣ ማገዶና የመኝታ ቁሳቁስ በማዋጣት ያግዛል፤ እናቶቹም ቡና አፍልተው፣ ገንፎ አገንፍተው እንደ ቤታቸው የሚቆዩባቸው አሉ።

ይሁንና ማቆያ መኖሩ ብቻውን በቂ አይሆንም። ሁለት ሳምንት ከቤት የምትርቅ እናት ልጆቿን የሚያበላ፣ ላሟን የሚያልብ፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው ማግኘት አለባት። ይህ ጉዳይ መፍትሔ የሚያገኘው በባለቤቷ፣ በዘመድና በጎረቤት ስምምነት ነው። ለኀዘን ጊዜ ድንኳንና ወጪ የሚያሰናዳው እድር ለወሊድ ጊዜም የመጓጓዣና የቤት ድጋፍ ተራ ሊያወጣ የሚችልበት አቅም አለው። በየወሩ በቀበሌ ደረጃ የሚካሄደው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስም ይህን መሰል ስምምነት ለማድረግ ምቹ መድረክ ነው።

በሰባተኛው ወር መጨረሻ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች

ቤተሰብ ሰባተኛው ወር ከማለቁ በፊት ተቀምጦ ቢነጋገርባቸው የሚበጁ ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው።

1. የት ትወልዳለች? ባለሙያው በጤና ጣቢያ ወይስ በሆስፒታል እንድትወልድ መክሯል? ከቤት እስከ ተቋሙ በሌሊት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

2. በምን ትሄዳለች? የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር በሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ተመዝግቧል? የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት 907 ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ አምቡላንስ ባይደርስ የትኛው ባጃጅ ወይም መኪና እንደሚጠራ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

3. ባለቤቷ በሌለበት ማን ይወስናል? «እሱ እስኪመጣ» የሚለው ቃል በዚያ ሌሊት እንዳይነገር ውሳኔው ዛሬ መስጠት አለበት።

4. አብሯት የሚሄደው ማን ነው? ቤትና ልጆች የሚጠብቀውስ?

5. ገንዘብ ተቀምጧል? አገልግሎቱ ያለክፍያ ቢሆንም ለአስታማሚ ምግብና ለመመለሻ መጓጓዣ ወጪ አይቀርም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነትም መታደሱ መረጋገጥ አለበት።

6. የደም ዓይነቷ ታውቋል? ደም ቢያስፈልግ ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች አሉ?

ከዚህ ጎን ለጎን በአንድ ዘንቢል ወይም ቦርሳ ውስጥ የክትትል ካርዷን፣ መታወቂያዋን፣ ቅያሪ ልብስ፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ለሕፃኑ ንጹሕ መጠቅለያ፣ ልብስና ኮፍያ አዘጋጅቶ በሚታወቅ ቦታ ማስቀመጥ በጨለማ ከመፈለግ ያድናል።

የአሠሪና የሠራተኛ ሕግ፣ የልደት ምዝገባ

ተቀጥራ የምትሠራ እናት ዝግጅቷ የፈቃድ ጥያቄዋንም ያካትታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከክፍያ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ከእርግዝናዋ ጋር በተያያዘ ለምታደርገው የሕክምና ምርመራም የሚከፈልበት ፈቃድ ሊሰጣት ይገባል። አባትም በዚሁ አዋጅ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ያገኛል። የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ በሌላ ሕግ የሚታይ በመሆኑ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ሀብት አስተዳደር አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ወላጆች በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ90 ቀናት ውስጥ በመደበኛ መኖሪያቸው ለሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም ቀርበው ልደቱን ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል። በጤና ተቋም የወለደች እናት የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ሳትቀበል ከተቋሙ እንዳትወጣ ይመከራል። ይህ ወረቀት ምዝገባውን ያቀልላል፤ የልደት የምስክር ወረቀቱም ወደፊት ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባም ሆነ ሌላ አገልግሎት ሲጠይቅ የሚያስፈልገው ነው።

ከወሊድ በኋላ ያሉት ሰዓታት

የ34 በመቶው አኃዝ እንደሚያሳየው ብዙ እናቶች ከተገላገሉ በኋላ ከባለሙያ ዓይን ይርቃሉ። ይሁንና ለእናትም ለሕፃንም አደገኛ የሆኑት ሰዓታት እነዚህ ናቸው። ምንም ችግር ባይታይ እንኳ ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋሙ መቆየት፣ ከዚያም በባለሙያው ቀጠሮ መሠረት መመለስ ያስፈልጋል። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጥባት ይኖርበታል፤ እንገሩም ሊታለብና ሊደፋ አይገባም። እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ውሃም ሆነ በልማድ የሚሰጠው ቅቤ አያስፈልገውም። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት፣ በእትብቱም ላይ ባለሙያ ካላዘዘ በቀር ምንም ነገር አለመቀባት ሕፃኑን ከብርድና ከኢንፌክሽን ይጠብቀዋል።

የተቋማት ግዴታ

ሦስተኛው መዘግየት በቤተሰብ ዝግጅት ብቻ የሚፈታ አይደለም። ቤተሰብ ሁሉን አሟልቶ በሌሊት ሲደርስ ተረኛ ባለሙያ፣ ውሃ፣ መብራትና መድኃኒት ማግኘት አለበት። እናቶች በአክብሮት የመስተናገድ፣ ስለሚደረግላቸው ሕክምና የመጠየቅና ያለክፍያ ሊሰጣቸው ለሚገባ አገልግሎት ገንዘብ ያለመክፈል መብት አላቸው። በአንዲት እናት ላይ የደረሰ መጉላላት በመንደሩ ውስጥ ከማንኛውም የግድግዳ መልእክት በላይ ይሰማል፤ ቀጣይዋን ነፍሰ ጡርም ቤቷ ሊያስቀራት ይችላል። በመሆኑም ተገልጋዮች ያጋጠማቸውን ጉድለት ለተቋሙ ኃላፊ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ነዋሪው ለጤና ጣቢያው አገልግሎት ውጤት በሚሰጥበት መድረክ ላይ ማቅረባቸው ለሌሎች እናቶችም የሚተርፍ ነው።

ዓለም አቀፉ ግብ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የእናቶችን ሞት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንፃር ከ70 በታች ማድረግ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአዋጅ፣ በበጀትና በባለሙያ ይጠረጋል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን አንድ ምሽት፣ ከእራት በኋላ፣ ባልና ሚስት ከቤተሰባቸው ጋር ተቀምጠው ከላይ ለተዘረዘሩት ስድስት ጥያቄዎች ምላሽ ሲሰጡ የሚጀመር ነው። በአቅራቢያቸው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በዚህ ውይይት ላይ ለማገዝ ዝግጁ ናቸው።