ዋይፋዩ እምቢ ሲል ችግሩን ከቅርብ መፈለግ

 

በዚህ ወር ዓምዳችን ብዙ ቤተሰብ የሚቸገርበትን የኮምፒዩተር ዋይፋይ ጉዳይ እንመለከታለን። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን የዋይፋይ የመጀመሪያው መመዘኛም በውጭው ዓለም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ተማሪው የ12ኛ ክፍል ውጤቱንና የዩኒቨርሲቲ ምደባውን የሚጠብቀው በኢንተርኔት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፈተናው ራሱ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ ልጁ የሚለማመድበት ላፕቶፕ አልገናኝ ሲል ቤቱ ሁሉ ይጨነቃል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ደኅናው ካርድ «ተቃጥሏል» ተብሎ ለትምህርት ቁሳቁስ የታሰበው ገንዘብ ለጥገና የሚወጣበት ጊዜ አለ።

የዋይፋይ ካርድ በላፕቶፑ ውስጥ ያለች ትንሽ ሬዲዮ ናት። ከራውተሩ ጋር በአየር ትነጋገራለች፤ ራውተሩ ደግሞ በሽቦ ወይም በሲም ካርድ ከቴሌኮሙ መስመር ጋር ይገናኛል። እንግዲህ ችግሩ ከላፕቶፑ፣ ከራውተሩ ወይም ከውጭው መስመር አይዘልም። ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ ሳይለዩ ገንዘብ አለማውጣት ነው።

ለመለየት አንድ ስልክ ይበቃል። የስልኩን የሞባይል ዳታ አጥፉና ከዚያው ራውተር ጋር አገናኙት። ስልኩም ካልሠራ ላፕቶፑን አትንኩት። የአገልግሎት ክፍያው አልቆ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ መልሱት፤ መብራት ሄዶ የመጣ ከሆነም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ስልኩ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ እምቢ ካለ ግን የሚከተሉትን ምልክቶች ተመልከቱ።

1ኛ/ የዋይፋይ ስሞች ጨርሶ ካልታዩ፦ መጀመሪያ «ኤርፕሌን ሞድ» በርቶ እንደሆነ እዩ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ዋይፋይ የሚዘጋ ቁልፍ ስላለ ሕፃናት ሳያውቁ ይነኩታል። እርሱ ካልሆነ በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» ገብታችሁ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ክፈቱ። ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት ካለ፣ ወይም ላፕቶፑ በቅርቡ ፎርማት ተደርጎ ከሆነ፣ የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። «ድራይቨሩን በምን ኢንተርኔት ላውርድ?» ለሚል መላ አለው። አንድሮይድ ስልካችሁን ከራውተሩ ጋር እንደተገናኘ በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰኩትና ከስልኩ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ላፕቶፑ በስልኩ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያወርዳል።

2ኛ/ ስሙ እየታየ ካልተገናኘ፦ ፓስዎርዱ ተቀይሮ ላፕቶፑ የድሮውን ይዞ ይሆናል። «ፎርጌት» ብላችሁ እንደ አዲስ አስገቡ። የጎረቤቶች ስም እየታየ የእናንተው ብቻ ከጠፋ ደግሞ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቆየት ካሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ከራውተሩ ላይ 2.4ን ማስከፈት ይበቃል። የጎረቤትን ፓስዎርድ ባለቤቱ ሳያውቅ መጠቀም ግን የሰው ሐቅ መንካት ስለሆነ መፍትሔ አይባልም።

3ኛ/ ተገናኝቶ ድረ ገጾች አልከፈት ካሉ፦ የኮምፒዩተሩን ቀን ተመልከቱ። በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ስትደክም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ብዙ ድረ ገጾች «አያስተማምንም» በሚል ማስጠንቀቂያ ይዘጋሉ። ቀኑን ስታስተካክሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን። በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ኮምፒዩተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ችግሩም እንደነበረ ይቆያል።

4ኛ/ ከራውተሩ አጠገብ ብቻ ከሠራ፦ የብሎኬት ግድግዳና ቆርቆሮ ሞገዱን ያዳክሙታልና ራውተሩን ከፍ ባለ፣ ለቤቱ መካከል በሆነ ቦታ አስቀምጡ። ችግሩ የጀመረው ላፕቶፑ ተከፍቶ ከተጠገነ በኋላ ከሆነ ግን ከካርዱ ጋር የሚያያዙት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ሳይገጠሙ ቀርተው ይሆናል። ጠጋኙን ይህንኑ ጠይቁት።

5ኛ/ ካርዱ ከ«ዲቫይስ ማኔጀር» ዝርዝር ውስጥም ከጠፋ፦ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጡት። የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ከያዛችሁ በኋላ መልሳችሁ አስነሱት። ከዚህም በኋላ ካልታየ ካርዱ ሳይበላሽ አልቀረም። ቢሆንም ላፕቶፑን ማስከፈት ግዴታ አይደለም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ገዝቶ መጠቀም ይቻላል።

ወላጆች ሆይ! ላፕቶፑን ወደ ጠጋኝ ከመላካችሁ በፊት ልጆቻችሁ እነዚህን ነገሮች በተራ ሞክረው ያገኙትን በወረቀት እንዲጽፉ አድርጉ። ወረቀቱ አብሮ ከሄደ ጠጋኙ የቱን እንደሚመለከት ያውቃል፤ እናንተም ለምን እንደምትከፍሉ ታውቃላችሁ። ፈተና ወይም ምዝገባ ያለበት ተማሪም ሙከራውን ከቀኑ ቀደም ብሎ ይጀምር።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።