“እኔ ካልኳት ዝንፍ አትልም”



አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ (ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ)። ልጅቷን “የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?” አልኳት። “ጨጓራዋን ነው ዶክተር” አሉ እናቷ። “መቼ ጀመረሽ?” አሁንም እናቷ መለሱ። “ሽሮፕ ይሻልሻል ወይስ ኪኒን?” ስላት ዞር ብላ እናቷን አየች። እሳቸውም በኩራት “የኔ ልጅ እኮ እኔ ካልኳት ዝንፍ አትልም” አሉኝ።

እናትየውን ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። ለካ ልጅቷ የወር አበባ ሲያማት ጓደኛዋ የምትሰጣትን ዳይክሎፌናክ ለወራት በባዶ ሆዷ ስትውጥ ከርማለች። ጨጓራ የሚያቆስል መድኃኒት ነው። “ለምን ወሰድሽው?” አልኳት። “ውሰጂ ስትለኝ።”

አያችሁ? ቤት ውስጥ መታዘዝ ብቻ የለመደ ልጅ ውጭም ይታዘዛል። ጫትም ሺሻም የጀመሩ ልጆች ሲመጡብኝ ብዙዎቹ “ባለጌ” የሚባሉ አይደሉም፤ ጎረቤት የሚያመሰግናቸው ጨዋ ልጆች ናቸው። እምቢ ማለትን ግን የት ይለማመዱት?

ነገሮችን የሚመዝነውና ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎላችን ክፍል በደንብ የሚበስለው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። አዲስ ነገርና ደስታ ፈላጊው ክፍል ግን በጉርምስና ቀድሞ ይነቃል፤ ጓደኛ አጠገብ ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። ይሄን ስነግራቸው “በቃ እስከ 25 ዓመቱ እኔ እወስንለታለኋ!” የሚሉኝ ወላጆች አሉ። የለም! መሪ ሳይነካ መንዳት የለመደ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሁሉንም ይወስኑ እያልኩ አይደለም። መጠጥ፣ ያለ ሄልሜት ሞተር ላይ መውጣት፣ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ለድርድር አይቀርቡም። ፀጉሯን፣ የጥናት ሰዓቷን፣ 11ኛ ክፍል ስትገባ ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለውን ግን አማክሯትና ለሷ ተዉላት። የመጨረሻዋ ላይ የሚቆጣኝ ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ይቆጣ።

እኔም ቤት ቀላል አይደለም። ለ13 ዓመቱ ልጄ የሳምንት የታክሲና የመክሰስ ብሩን እሁድ ማታ አንዴ መስጠት ጀመርን። የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ ላይ አለቀ፤ ለጌም ኢንተርኔት ፓኬጅ ገዝቶበታል። ባለቤቴ “ጨምርለት እንጂ!” አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር። ግን አልጨመርንም፣ ቁጣም አልነበረም። መክሰሱን ከቤት ቋጠረ፣ በእግሩ ተመላለሰ (ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ አትስደቡኝ)። ዓርብ ማታ ሳንጠይቀው ወረቀት አውጥቶ ሲደምር አገኘሁት።

በሁለተኛው ሳምንት እስከ ሐሙስ ደረሰ።